የጉልበት ሎሚ ደጋግሞ የሚወልቀው ለምንድን ነው?

በስሜን አገር አቀበቱ ሳንባን ሲፈትን ቁልቁለቱ ጉልበትን ይፈትናል። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ካለው ከሳንቃ በር ወደ ደባርቅ የሚወርድ አንድ ወጣት እግሩን እንደ ተከለ ጭኑ ወደ ውስጥ ቢዞርበት፥ የጉልበቱ ሎሚ ወደ ውጭ ተንሸራቶ ሊወልቅ ይችላል። ወጌሻ ወይም ሐኪም ይመልስለታል። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ሳይመታና ሳይወድቅ እንደገና ሲወልቅበት ባልንጀሮቹ «ሰነፍ» ይሉታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አብሮት ያደገው የአጥንቱ ቅርጽ ነው።

ሎሚው (ይህን ስም ያወጣለት ሰው ከቆዳ ሥር ሲንሸራተት ዳስሶት መሆን አለበት) በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ይመላለሳል። እግር ቀጥ ሲል ግን ከቦዩ በላይ ነው፤ በደንብ የሚገባው ጉልበት 20 ወይም 30 ዲግሪ ያህል ሲታጠፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ እንዳይሄድ የሚይዘው በውስጥ በኩል ያለ ቀጭን ጅማት ሲሆን፥ እሱም በመጀመሪያው ውልቃት ይበጠሳል፤ ሲድንም ላልቶ ሊቀር ይችላል።

በፈረንሳይ አገር የሊዮኑ ሐኪም አንሪ ደዡርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት አራት ዋና ምክንያቶችን ለይተዋል። ከሁሉ የሚብሰው የቦዩ ጥልቀት ማነስ ነው፤ ቦዩ ጠፍጣፋ፥ አንዳንዴም እንደ ጉብታ ያበጠ ሲሆን ሎሚው የሚደገፍበት ግድግዳ ያጣል። ሎሚው ከቦታው ከፍ ያለ እንደ ሆነም ወደ ቦዩ የሚገባው ዘግይቶ ነው። የቀሩት ሁለቱ፥ የሎሚው ጅማት በቅልጥም ላይ የሚያዝበት ስፍራ ከቦዩ መካከል 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ውጭ መራቁና የሎሚው ማዘንበል ናቸው። እነዚህ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ፥ ይልቁንም ገና በልጅነቱ ወልቆበት ከሆነ፥ የመደጋገሙ ነገር ይበረታል።

ወጌሻ የወለቀውን ሊመልስ ይችል ይሆናል፤ ቦይ ግን ሊቆፍር አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ የወለቀበት ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ሆስፒታል መድረሱ አይቆጭም። ከጎን የተነሣ ተራ የራጅ ሥዕል የቦዩን ቅርጽና የሎሚውን ከፍታ ያሳያል፤ የጭንን ጡንቻ በልምምድ ማጠንከር ይበቃ ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደ ሆነ ለመለየትም ይረዳል። ለሐኪሙ ስንት ጊዜ እንደ ወለቀ፥ ከወንድም ወይም ከእኅት ተመሳሳይ የደረሰበት እንዳለም መንገር ነው፤ የአጥንት ቅርጽ በቤተ ሰብ ይወርዳልና።