«ዘምሴልፍ»፦ የለም የተባለው ነባር ቃል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ የልጁን የእንግሊዝኛ ድርሰት አሳየኝ። ወንድ ይሁን ሴት ስላልታወቀ አንድ ሰው ስትጽፍ ልጅቷ «ዘምሴልፍ» (themself) ብላለች። መምህሩ ቃሉን በቀይ ከበው፣ ኅዳጉ ላይ «እንዲህ ያለ ቃል የለም» ብለው ጽፈው ነጥብ ቀንሰውባታል። አባትየው «እኛ የተማርነው ‹ሂምሴልፍ› (ራሱ) ነበር፤ እሷን ምን ልበላት?» አለኝ። ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ቃሉ አለ፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። እስከ 1540 ገደማ የተለመደው አጻጻፍ እሱ ነበር፤ ያኔ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለብዙ ሰዎች ነው። ኋላ «ዘምሴልቭስ» ቦታውን ወሰደው። የብዙ ቁጥር የሆነው «ዘይ» (እነሱ) ለአንድ ሰው መዋሉም አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ማስረጃውን የሚጀምረው በ1375 ገደማ ከተጻፈው የዊሊያምና የተኩላው ሰው ታሪክ ነው።

«ዩ»ም እንዲሁ የብዙ ቁጥር ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ክዌከሮች ለአንድ ሰው «ዩ» ማለትን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በ1660 ነጠላና ብዙን እንዴት መለየት እንደሚገባ የሚያስተምር መጽሐፍ ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ። ሕዝቡ ግን አልሰማቸውም። ለአንዱ «ዩርሴልፍ»፣ ለብዙዎቹ «ዩርሴልቭስ» ብሎ ልዩነቱን ራሱ አበጀ። «ዘምሴልፍ» የሚጠይቀውም ይህንኑ መብት ነው።

ጾታው ላልታወቀ ሰው የወንዱ ተውላጠ ስም ብቻ ይዋል ብለው ደንቡን ያጠበቡት የሰዋስው ጸሐፊዎች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዛዊቷ መምህርት አን ፊሸር የወንዱ ተውላጠ ስም ሴቲቱንም ይጨምራል ብለው ከጻፉት ቀደምቶች አንዷ ነበረች። በ1850 የብሪታንያ ፓርላማ ይህንኑ ለሕግ አጻጻፍ ደነገገ። አሜሪካዊው ጠበቃና የመዝሙር ዜማ ደራሲ ቻርልስ ክሮዛት ኮንቨርስ ደግሞ በ1884 «ዞን» የተባለ፣ ለወንድም ለሴትም የሚሆን አዲስ ተውላጠ ስም ይፋ አደረገ። ቃሉ በ1934ቱ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ገባ፤ በ1961ዱ እትም ወጣ።

በአስተርጓሚነት ረጅም ዘመን የሠራች አንዲት ሴት ግን ነገሩን ከመጻሕፍቱ በላይ አስረዳችኝ። «ቅጹ ‹አመልካቹ ራሱ ይፈርም› ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ‹እሱ ማነው?› ይሉኛል። ምን ልመልስ?» አለች። ቀጥላም፦ «እኛ ‹አባባ ራሳቸው መጡ፣ እማማ ራሳቸው መጡ› እንላለን። ሰው አንድ፣ ግሡ የብዙ። ማን ግራ ገባው? እንግሊዝኛ የራሱን ዘር ከማሳው ነቅሎ ጥሎ ማሳዬ ባዶ ነው ይላል» አለች። ስንለያይም «ሰውየው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ወንድ ነው ብዬ እንድጽፍ አታስገድዱኝ» አለችኝ።

«ዘምሴልፍ» በፈተና ይታረማል ወይስ ይታለፋል ብዬ የጠየቅኋቸው አንድ የትምህርት ኃላፊ «የመምህራኑ ጉዳይ ነው» ብለው ዝም አሉ። በድጋሚ ብጽፍላቸውም መልስ አልሰጡኝም።

የሙያ መመሪያዎች ግን ተናግረዋል። የቺካጎ የአጻጻፍ መመሪያ በ2017ቱ እትሙ «ዘምሴልፍ»ን ለነጠላ ሰው ማመልከቻ ተቀብሎታል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2019 ነጠላውን «ዘይ» መጠቀምን ደገፈ። በዚያው ዓመት ሜሪያም-ዌብስተር «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል አለው፤ ወንድ ወይም ሴት ተብለው መጠራት ለማይፈልጉ ሰዎች የሚያገለግልበትን ፍቺም ጨመረለት። ከዚህ ሁሉ በኋላ የብዙ ሰው ኮምፒውተር ዛሬም «ዘምሴልፍ»ን በቀይ ያሰምርበታል፤ ስደተኛ ልጆችም ነጥብ ያጡበታል።

መምህር የሚወደውን አጻጻፍ ማስተማር ይችላል፤ «ዘምሴልቭስ» ይሻላል ብሎ መምከርም ያባት ነው። የሌለ ቃል ነው ብሎ ነጥብ መቀነስ ግን የቋንቋውን ታሪክ መካድ ነው። የወዳጄ ልጅ ነጥቧ ይመለስላት፤ ትምህርት ቤቶችም አቋማቸውን በጽሑፍ ያሳውቁ።