ማመንታት የሚያውቅ ቺፕ

አንጎልን አብነት አድርገው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ሲነሱ ወሬው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ ቁጠባ ነው። እውነት ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀው ትሩኖርዝ ቺፕ አንድ ሚሊዮን ሰው ሠራሽ ነርቮችን በ70 ሚሊዋት ገደማ አሠርቷል። ነርቮቹ ምልክት የሚልኩት የሚላክ ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ከዚህ ቤተሰብ እኔ አብልጬ የምወዳቸው ግን ማመንታት የሚችሉትን ነው።

ድመትና ውሻ መለየት ብቻ የተማረ ተራ የኮምፒውተር ሞዴል ፊት ጫማ አስቀምጡ። «ድመት፣ 98 በመቶ» ሊላችሁ ይችላል። ይህ እርግጠኝነት አይደለም። መቶውን ለሚያውቃቸው ሁለት ስሞች ማካፈል ግድ ስለሆነበት የወጣ ድርሻ ነው፤ «ሁለቱም አይደለም» የሚልበት ቦታ አልተሰጠውም። እንዲህ ያለ ቁጥር በስብሰባ ላይ ሲነበብ አንድም ሰው ሳይጠይቅ ሲታለፍ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። በቁጥር የሚወስን ሰው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

መፍትሔው ያለው ሲናፕሱ ላይ፣ ማለትም ሁለት ነርቮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። በተራው ሞዴል ሲናፕስ የሚይዘው አንድ ቁጥር፣ ጥንካሬውን ብቻ ነው። ሁለተኛ ቁጥር ጨምሩለት፤ የጥርጣሬውን ስፋት። አሁን ሞዴሉ ለአንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመልሳል፤ በየዙሩም ጥንካሬዎቹን በጥርጣሬያቸው ልክ ትንሽ ትንሽ ይቀያይራል። ድመቷ ላይ መልሶቹ ይስማማሉ። ጫማው ላይ አንዴ «ድመት»፣ አንዴ «ውሻ» ማለት ይጀምራል። አለመስማማቱ ራሱ «አላውቅም» ማለት ነው።

ደስ የሚለው፣ ያው ቁጥር ትምህርቱንም ይመራል። ጥርጣሬው ሰፊ የሆነ ሲናፕስ በአዲስ ነገር ቶሎ ይለወጣል፤ ብዙ ማስረጃ ያጠበበው ግን በቀላሉ አይነቃነቅም። ስለዚህ ሞዴሉ ዕለት ዕለት ሲማር የትናንቱን እንዲህ በቀላሉ አይደመስስም። ተመራማሪዎቹ ማክሎስኪና ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳዩት፣ ኒውራል ኔትወርኮች (በሰው ሠራሽ ነርቮች የተሠሩ ሞዴሎች) አዲስ ሲማሩ የቀደመውን የመርሳት አባዜ በዚህ ይቃለላል።

ሜምሪስተር የተባለው ደቃቅ የሜሞሪ አካል ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን በተጻፈበት ቁጥር ትንሽ ይለያያል፤ መሐንዲሶች ይህን እንደ ጉድለት ሲታገሉት ኖረዋል። በፈረንሳይ ግርኖብል የሚገኘው የሲኢኤ-ሌቲ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሥራ 16,384 ሜምሪስተሮችን ይዘው መዋዠቁን ራሱን ለመማሪያ አዋሉት። በካንሰር የተጠቃ ህብረ ሕዋስንና የልብ ምት መዛባትን ለመለየትም ሞክረውበታል። በሕክምና መጠራጠር የሚችል መሣሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያሻም።

እናንተም ማንኛውንም «ብልህ» የተባለ መሣሪያ ከመቀበላችሁ በፊት ያልተማረውን ነገር አሳዩት። ያለ ምንም ማመንታት ከመለሰ፣ በተማረው ላይ የሚያሳያችሁን እርግጠኝነትም አትመኑት።