መንገዱ ይምጣ፤ ጨፌው ግን አይታፈን

መንገድ ሲገባ እህል ገበያ ይደርሳል፤ ምጥ የያዛትም ሐኪም ቤት ቶሎ ትገባለች። ይህንስ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግን በየት በኩል ይለፍ?

ጨፌ ባዶ መሬት የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። የክረምቱን ውሃ እንደ ጥጥ መጥጦ ይይዛል፤ በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩ ይለቃል። ለከብቱም ሣር ይሰጣል።

ታዲያ ጨፌው ላይ አፈርና ድንጋይ ተከምሮ መንገድ ሲሠራ፣ መንገዱ ግድብ ሆነ ማለት ነው። ከላይ ያለው ማሳ ውሃ ይተኛበታል፤ ከታች ያለው ይደርቃል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ በፎገራ በኩል ሲያልፍ ጉማራንና ርብን ይሻገራል። ሜዳው በክረምት ውሃ ይሞላል። እንዲህ ባለ ቦታ ወንዙ ላይ ድልድይ መሥራት ብቻ አይበቃም። ውሃው በሜዳው ሁሉ ስለሚሄድ በየመካከሉ ሰፋፊ ቱቦ ያስፈልጋል። መንገዶች የሚገጣጠሙበት ማሳለጫማ ብዙ መሬት ስለሚበላ ደረቁን ከፍታ ቢይዝ ይሻላል። ጉዞው ጥቂት ቢረዝም ምን አለበት?

ይህን የምትናገሩበት ሕግም አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299፣ ሥራው ሳይጀመር ጉዳቱ እንዲጠና፣ የነዋሪውም አስተያየት እንዲሰማ ደንግጓል። ስለዚህ ቀያሾች ሲመጡ የክረምቱ ውሃ እስከየት እንደሚደርስ አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው። በበጋ ከመጡ የሚያዩት ደረቅ መሬት ብቻ ነው።