የኤሊፍ ሽማግሌዎች

ከእናት ማኅፀን ያልተወለደች ልጅ፣ እርሱም ያልተወለደ ጐልማሳ ያግባት ወይስ አያግባት በሚል ክርክር ዘመድ ከዘመድ፣ ጐረቤት ከጐረቤት ተኰራርፎ ያውቃልን? ይህን ጥያቄ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለነበረ ሰው ብታቀርቡለት፣ «እንዴታ!» ብሎ ይመልስላችኋል። ልጅቱ ኤሊፍ ትባላለች፤ ጐልማሳው ኦማር ነው። ሁለቱም የድርሰት ፍጡሮች ናቸው። ነገር ግን በዚያ ሰሞን ጀበና በተጣደበት ቤት ሁሉ፣ በጸጕር ቤት፣ በታክሲ ወረፋ፣ በእኛም ትምህርት ቤት ግቢ የእነርሱ ጉዳይ ሳይነሣ የዋለበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ዛሬ መምህር ሆኜ ነገሩን ሳስበው፣ ከድራማው ይልቅ ክርክሩ ይበልጥ ይገርመኛል።

ለማያውቁት አንባብያን ታሪኩን ባጭሩ ልንገራቸው። በዚያ ዓመት ቃና የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ በሳተላይት ሥርጭቱን ጀመረ። የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ተከታታይ ድራማ እየገዛ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ ድምፅ እያስቀዳ ያቀርብ ነበር። ከነዚያ አንዱ «ጥቁር ፍቅር» ነው። የቱርክኛ ስሙ «ካራ ፓራ አሽክ» ሲሆን፣ «ጥቁር ገንዘብ፣ ፍቅር» እንደ ማለት ነው። የእኛ ሰዎች ሲመልሱት ገንዘቡን ጥለው ጥቁረቱን ለፍቅሩ አወረሱት፤ በበኩሌ የእነርሱን እመርጣለሁ። የጻፉት ሴማ ኤርጌኔኮንና ኤይለም ጃንፖላት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ናቸው። በአገሩ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2014 መጋቢት እስከ 2015 ሐምሌ በ54 ረጃጅም ክፍሎች ታይቶአል። ኤሊፍን ሆና የተጫወተችው ቱባ ቡዩኩስቱን፣ ኦማርን ሆኖ የተጫወተው ኤንጊን አክዩሬክ ነው። አክዩሬክ በዚሁ ሥራው በ2015 ለዓለም አቀፉ የኤሚ ሽልማት ታጭቶ ነበር።

ኦማር ቫን በምትባል ሩቅ ከተማ የሚያገለግል የፖሊስ መኰንን ነው። እጮኛው ሲቤል ኢስታንቡል ውስጥ በመኪና ተገድላ ትገኛለች። ከጐኗም አንድ ሀብታም ሽማግሌ እንደ እርሷ ተገድሎ ይገኛል። ወሬው ወዲያው «ውሽማዋ ነው» ይላል። ሽማግሌው የኤሊፍ አባት ነው፤ እርሷም ጌጣጌጥ የምትነድፍ፣ ኢጣልያ የምትኖር ወጣት ናት። እንግዲህ አንዱ እጮኛውን፣ አንዷ አባቷን በአንድ ሌሊት ያጡ፣ በአንድ ወሬ የተዋረዱ ሁለት ሐዘንተኞች ተገናኙ። ነገሩም የጠፋ አልማዝ መዘዝ መሆኑ እየተገለጠ ሄደ።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው ከዚሁ ነው። ቱርኮች ስለ ሐዘን የሚሉትን ይበሉ፤ እኛ ቤት ግን አርባና ሙት ዓመት የሚባል ነገር አለ። «የሲቤል ሙት ዓመቷ ሳይወጣ ዐይኑ ወደ ሌላ ሄደ» ብላ አክስቴ ኦማርን ከሰሰችው። እናቴ ደግሞ «ሐዘንተኛን ከሐዘንተኛ በቀር ማን ያውቀዋል?» ብላ ቆመችለት። አክስቴ እስከ መጨረሻው የሟቿ ጠበቃ እንደ ሆነች ቀረች። ሲቤልን ከጥቂት ደቂቃ በላይ በሕይወት አላየናትም፤ ግን በእኛ ሳሎን ተቈርቋሪ አላጣችም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ውሸት ነበር። የኤሊፍን ታናሽ እኅት ኒሉፈርን ወንበዴዎች ያግቷትና አልማዙን አምጪ፣ ለፖሊስ ከነገርሽ እንገድላታለን ይሏታል። ኤሊፍም ኦማርን ፊት ለፊት እያየች ትዋሸዋለች። ወንዶቹ ባብዛኛው «የምትዋሽ ሴት አትታመንም» ሲሉ፣ ታላቅ እኅት የሆኑ ሁሉ በአንድ ድምፅ ለኤሊፍ ፈረዱላት። በክፍላችን ከወላጅ ቀጥሎ ታናናሾቿን የምታሳድግ ልጅ ነበረች። «እኔ ብሆን ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለንስሐ አባቴም እዋሻለሁ» ያለችው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ፍቅሩ መቼም እንደ ኤሊ የሚሄድ ነበር። አንድ ሰው ሌላውን ለማየት ቀና ሲል ሙዚቃው ይጀምራል፤ ዐይን ከዐይን ሲገጥም ክፍሉ ያልቃል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን የሚታይና እስከ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ነው፤ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ግን እየተቈረጠ ከሦስት ሩብ ሰዓት የማይበልጥ ይሆናል። በዚያ ላይ የቱርክ መንግሥት የሥርጭት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጨዋነት ተላለፈ ያለውን ጣቢያ በገንዘብ ይቀጣል። ስለዚህ ደራሲዎቹ መሳሳምን በመተያየት መተካትን ተማሩ። ይህ ለእኛ ቤት ተስማማ። የፈረንጅ ፊልም ሲታይ አባቴ በድንገት ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ አንዱ ሪሞት ይፈልጋል፤ ሌላው ውሃ ሊጠጣ ይወጣል። ኦማርና ኤሊፍ ሲተያዩ ግን ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። አባትና ልጅ ጐን ለጐን ተቀምጠው የፍቅርን ነገር እስከ መጨረሻው ያዩበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢያንስ በእኛ ቤት ነበር።

አማርኛውም የራሱን ሥራ ሠርቶአል። ቱርክኛ እንደ እኛ ቋንቋ አክብሮ የሚጠራበትና አቅርቦ የሚጠራበት ቃል አለው፤ «ሲዝ» እና «ሴን» ይባላሉ። እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አያውቅም። ተጠርጣሪን የሚመረምር ፖሊስ «እርስዎ» ይበል ወይስ «አንቺ»፣ ቢለውጥስ በየትኛው ቀን ይለውጥ? ተርጓሚው ከዚህ ምርጫ አያመልጥም። ተመልካቹም እንዲህ ያለውን ነገር ከቃሉ ፊት ያደምጠዋል።

በጊዜው የአገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ተቃውሞአቸውን አሰምተው ነበር። ባህል ይበረዛል፣ የአገር ውስጥ ሥራም ገበያ ያጣል የሚል ነበር። ስለ ገበያው የተናገሩት እውነት አለው፤ ተሠርቶ ያለቀ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መቀየር አዲስ ከመሥራት ይረክሳል። ስለ ባህሉ ግን እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እኛ ቱርክ አልሆንንም፤ ቱርኮቹን በአርባና በሙት ዓመት፣ በእኅትና በወንድም ሕግ ስንዳኛቸው ከረምን።

ከሁሉ የከበደው ክርክር ግን በኦማርና በኤሊፍ ላይ አልነበረም። በታናሺቱ በኒሉፈር ላይ ነበር።

ኒሉፈር ካገቷት ሰዎች አንዱን ወደደችው። ሜቲን ይባላል፤ እውነተኛ ስሙ ፋቲህ ሲሆን፣ የድራማው ዋና ክፉ ሰው የታያር ልጅ ነው። መልከ መልካም ነው፤ ለእርሷም ይራራል። የክፍላችን ተማሪዎች ግማሹ ከኦማርና ከኤሊፍ ይልቅ እነርሱ እንዲጋቡ ይመኙ ነበር። አንድ ቅዳሜ እናቴ ቡና ጠርታ፣ ጐረቤቶች ተሰብስበው፣ አቦሉ ሲቀዳ ይኸው ነገር ተነሣ። ልብስ ሰፊው ጐረቤታችን «ምን አለበት? ስንቱ በጠለፋ ተጋብቶ ወልዶ ከብዶ ይኖር የለም ወይ?» አሉ። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ወዲያው ተነሣችባቸው። «ይኼ ወንጀል ነው፤ ፍቅር አይደለም» አለች። ልብስ ሰፊው «ያኛው እኮ ለአልማዝ ነው፤ ለጋብቻ አይደለም» ብለው ሊያመልጡ ቢሞክሩ «ለእርሷ ምን ልዩነት አለው? በሩ የተቈለፈው ከውጭ ነው» አለቻቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው የሕግ ነገር አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ይቀጣ ነበር፤ ነገር ግን ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባችውና ጋብቻው የጸና ከሆነ ክሱ ይቀር ነበር። «በፈቃዷ» የምትለው ቃል ስንት ሽማግሌ፣ ስንት እርቅና ስንት የወላጅ እንባ እንደ ተሸከመች መገመት አያዳግትም። ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 መሠረት ለጋብቻ የሚፈጸም ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጋብቻው መፈጸሙም ከቅጣት አያድንም። እንግዲህ ያን ቅዳሜ እኛ ሳሎን ውስጥ ተፋጠው የነበሩት ሁለቱ ሕጎች ነበሩ፤ አሮጌው በልብስ ሰፊው አፍ፣ አዲሱ በተማሪዋ አፍ። ሁለቱም ግን አንቀጹን አልጠቀሱም፤ የጠቀሱት ኒሉፈርን ነው።

ከመካከላችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። ቶናው እስኪቀዳ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን፤ ከእናቴ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ አጥር ኖረዋል። ሲኒያቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፦

«ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ደግ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እጁን አላነሣብኝም፤ ነፍሱን ይማረው። ልጆችም ወለድሁለት። እናቴ ግን ያን ማታ ወንዝ ወርዳ ያገኘችው እንስራዬን ብቻ ነው።»

ማንም አልመለሰላቸውም። ልብስ ሰፊው ወደ መሬት አዩ። ኋላም እማማ ወደ ተማሪዋ ዞር ብለው «ልጅቱ ወደደችው ትላላችሁ። ልትወደው ትችላለች። የሚወደድ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ ከሌለ ማንን ትወዳለች?» አሉ።

እናቴ በሃያ ዓመት ጕርብትና ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። እኚያ ሴት «እኔ ተጠልፌ ነው ያገባሁት» ብለው ነገሩን ለመጀመር ምን ዐይነት ቀን፣ ምን ዐይነት ጠያቂ ያስፈልጋቸው ነበር? ስለ ኒሉፈር ሲሆን ግን ሁሉም ስለ ሌላ ሰው ስለሚናገር ማንም አያፍርም፤ በዚያው መንገድ የራሱም ነገር ሳይታሰብ ይወጣል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በክፍላችን የኒሉፈርንና የፋቲህን ጋብቻ የሚመኝ ሲነሣ እኔ ዝም እል ጀመር።

ይህ ልማድ በቴሌቪዥን የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተረክ፣ ሰው ሬድዮ ከበቦ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ይሟገት እንደ ነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ዛሬ ያንኑ መጽሐፍ በክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ለፈተና ያህል ያነቡታል። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለማን ይስጡ የሚለውን ለክርክር ባቀርብላቸው ግን ደወሉ ተደውሎም አይወጡልኝም።

የወንድሙ የሁሴን ነገርስ? የኦማር ታላቅ ወንድም፣ እርሱም ፖሊስ፣ ገዳዩ መሆኑን ተመልካቹ ከኦማር ቀድሞ ዐወቀ። ስለዚህ ለብዙ ሳምንት ከተማው በሙሉ ለኦማር መንገር ያለበትን ነገር በሆዱ ይዞ ይዞር ነበር። አጐቴ ቴሌቪዥኑን «አጠገብህ ነው! አጠገብህ!» እያለ ይጮኽበት ነበር። እንዲያ ሲሆን መብራት የጠፋ እንደ ሆነ የሚሰማው እርግማን ለዚህ መጽሔት አይሆንም።

ድራማው በቱርክ ካለቀ ወዲህ ወደ እኛ የደረሰ ስለ ነበር፣ በቱርክኛው አስቀድመው ያዩ ሰዎች በየሰፈሩ ነበሩ። የእኛ ሰፈሩ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ሠራተኛ ነው። ሁለት ዐይነት ሰዎች ይመጡበታል፤ ንገረን ብለው የሚለማመጡና ብትናገር እንጣላለን ብለው የሚዝቱ። የሚጠየቀው ባብዛኛው አንድ ነው፤ ኦማርና ኤሊፍ ይጋባሉ ወይ? እርሱም ዐውቆ ዝም በማለት ከጥገናው የማያገኘውን ክብር አገኘ።

እማማ ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚውሉበት ቀን ነበር፤ አንዳንዴም ደክሟቸው በጊዜ ይተኛሉ። በማግሥቱ ጠዋት ያመለጣቸውን ክፍል ሊሰሙ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ እኔም እያየሁ እነግራቸዋለሁ። ስለ ኦማር ስጀምር በእጃቸው ያቆሙኛል። ስለ ሰርግ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። መቋሚያቸውን ደገፍ ብለው፣ በሩ ላይ እንደ ቆሙ፣ የሚሉኝ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦

«ያቺ ትንሿ ልጅ ትናንት የት አደረች? እኅቷ ቤት ገባች?»