በመኖሪያ ሰፈር ላይ በፓራሹት መውረድ፦ የጂዳና የመካ ሰማይ በሕግ ዓይን

ከአውሮፕላን ዘልሎ በፓራሹት ወደ ምድር መውረድ ከወታደራዊ ሙያነት አልፎ የስፖርትና የበዓል ትርዒት አካል ከሆነ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። በሳዑዲ ዓረቢያም ስፖርቱ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በዲስከቨሪ መንኮራኩር ወደ ሕዋ የተጓዙት ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን የመሠረቱት የሳዑዲ አቪዬሽን ክለብ ከሪያድ በስተሰሜን በሚገኘው የሡማማ አየር ማረፊያ የአየር ላይ ስፖርቶችን ያስተናግዳል።

ሆኖም ዘላዩ በተዘጋጀለት ሜዳ ላይ ሳይሆን ሰዎች በሚኖሩበት ሰፈር ላይ ቢያርፍ ሕጉ እንዴት ያየዋል? ጥያቄው በተለይ ሕዝብ በበዛባቸው በጂዳና በመካ ሲነሣ ምን መልስ ያገኛል? ባጭሩ፣ ስፖርቱ የተፈቀደ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ በመኖሪያ ሰፈር ላይ መውረድ ግን የተከለከለ ነው። በመካ ደግሞ ስለ ማረፊያው ቦታ ከመነጋገር በፊት ሰማዩ ራሱ ዝግ ሆኖ ይገኛል። የእነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ መነሻ አንድ ነው፤ ይኸውም ስለ ዝላዩ ምንም የማያውቀው፣ ከሥር የሚኖረው ሰው ደኅንነት ነው።

የሰማይ ባለቤትነት

እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ላይ የተሟላ ሉዓላዊ ሥልጣን እንዳለው ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በጉባኤው ተገኝተው ስምምነቱን ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ደግሞ አገሮች ለሕዝብ ደኅንነት ወይም ለወታደራዊ አስፈላጊነት ሲሉ የተወሰኑ ሥፍራዎችን ለበረራ ዝግ ማድረግ እንደሚችሉ ይደነግጋል።

ከስምምነቱ ጋር የተያያዘውና የበረራ ሕጎችን የያዘው 2ኛው ዐባሪ ስለ ፓራሹት በቀጥታ ይናገራል። በዚህ መሠረት፣ ከአደጋ ለማምለጥ ካልሆነ በቀር፣ በፓራሹት መውረድ የሚቻለው ሥልጣን ያለው አካል በወሰነው ሁኔታና የአየር ትራፊክ አገልግሎት በሚሰጠው መረጃ፣ ምክር ወይም ፈቃድ መሠረት ብቻ ነው። ስለዚህ በሞተሩ ብልሽት ምክንያት ነፍሱን ለማዳን የዘለለ አብራሪ በሰው ግቢ ውስጥ ቢወድቅ እንደ ሕግ ተላላፊ አይቆጠርም። ለመዝናናት ወይም ለትርዒት የዘለለ ሰው ግን ይህ ከለላ የለውም።

በሳዑዲ ዓረቢያ ይህን ሥልጣን የያዘው የሲቪል አቪዬሽን ጠቅላላ ባለሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በንጉሣዊ ድንጋጌ የወጣው የሲቪል አቪዬሽን ሕግ ለሥራው መሠረት ሲሆን፣ ከባለሥልጣኑ ደንቦች ውስጥ ክፍል 105 የፓራሹት እንቅስቃሴን ይመለከታል። ይህ ክፍል በቁጥሩም በአደረጃጀቱም ከአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 105 ጋር ይቀራረባል።

ደንቡ ስለ መኖሪያ ሰፈር

የዚህ ዓይነቱ ደንብ መሠረታዊ ትእዛዝ የፓራሹት ዝላይ በአየር ላይ ላለ ሌላ አውሮፕላንም ሆነ በምድር ላይ ላለ ሰውና ንብረት አደጋ መፍጠር የለበትም የሚል ነው። ከዚህ አልፎ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት የከተማ ክፍል ወይም ሰዎች በአደባባይ በተሰበሰቡበት ሥፍራ ላይ ለመዝለል አስቀድሞ የተሰጠ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ግዴታው በዘላዩ ላይ ብቻ አያበቃም። ፈቃድ እንደሌለ እያወቀ ዘላዩን ጭኖ የሚበር አብራሪም አብሮ ይጠየቃል።

ደንቡ አንድ ልዩ ሁኔታን ያውቃል። ፓራሹቱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ በሚገባ እየሠራ፣ በምድር ላይ ላሉት አደጋ በማይሆንበት በቂ ከፍታ ላይ የሚገኝ ዘላይ በነፋስ ተገፍቶ በሰፈር ላይ ማለፍ ይችላል። እንግዲህ በሰፈር ላይ ማለፍና በሰፈር ውስጥ ማረፍ በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው።

ይህ ጥንቃቄ የመጣው ከዝላዩ ተፈጥሮ ነው። ዘላይ ብዙውን ጊዜ ከ4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ይዘላል፤ ፓራሹቱ እስኪከፈት ድረስ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርዳል። ፓራሹቱ ከተከፈተ በኋላ አቅጣጫውን መምራት ቢችልም ወደ ላይ ተመልሶ ሌላ ማረፊያ የመምረጥ ዕድል የለውም። የአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ጀማሪ ዘላይ ከማንኛውም መሰናክል ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ እንዲያርፍ የሚያዝዘው ስለዚህ ነው። ከአስተማሪው ጋር ተጣምሮ የሚዘል ሰው 50 ሜትር ርቀት ሲጠየቅ፣ ከፍተኛውን ፈቃድ ለያዘ ባለሙያ ርቀቱ ወደ 12 ሜትር ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጣሪያ ላይ የውኃ ታንከር፣ የሳተላይት ሳህንና ጠባብ መተላለፊያ በሞሉበት ሰፈር ጀማሪ ዘላይ 100 ሜትር ነፃ ቦታ አያገኝም።

ጂዳ፦ ባሕር፣ ነፋስና አውሮፕላን

በጂዳ እነዚህ ምክንያቶች ይበረታሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከከተማዋ በስተሰሜን ይገኛል፤ በ2024 ብቻ 49 ሚሊዮን ያህል መንገደኞችን አስተናግዷል። ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለዑምራና ለሐጅ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያንም የሚያርፉት እዚሁ ነው። ሦስት ትይዩ መንደርደሪያዎች ባሉት በዚህ አየር ማረፊያ ዙሪያ የሚነሡና የሚያርፉ አውሮፕላኖች በተወሰነላቸው መስመርና ከፍታ ይጓዛሉ። ሳይነገርለት በመካከላቸው የሚገኝ ዘላይ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ መንገደኞችንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ነፋሱም የራሱ ድርሻ አለው። ቀን ቀን ከቀይ ባሕር ወደ የብስ የሚነፍሰው አየር ከረጃጅም ሕንፃዎች ጋር ሲጋጭ ከጀርባቸው ይታወካል፤ በፀሐይ የጋለው አስፋልትም አየሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። በሜዳ ላይ በተረጋጋ ሁኔታ የሚወርድ ፓራሹት በሕንፃዎች መካከል በድንገት ሊታጠፍ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሲባል በከተማ መዝለል ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ፈቃድ ያለው ትርዒት በተከለለ ማረፊያ፣ በሠለጠኑ ዘላዮችና ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ጋር በተደረገ ስምምነት ሊካሄድ ይችላል። ልዩነቱን ለማየት የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕንፃው ገና በግንባታ ላይ ሳለ በ2008 ሁለት ሰዎች ሳይፈቀድላቸው ከላዩ ዘለሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር ተይዞ ታሰረ። በጥር ወር 2010 ግን ሌሎች ሁለት ዘላዮች በባለሥልጣናት ፈቃድ ከዚያው ሕንፃ 672 ሜትር ከፍታ ላይ ዘልለው በክብር ተቀባይነት አገኙ። ሁለቱን ዝላዮች በሕግ ፊት የለያቸው ፈቃዱ ነው።

ፈቃዱ ራሱም ሊያውቁት ለሚገባቸው ሁሉ ካልደረሰ ግቡን አይመታም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 20 ቀን 2022 የአሜሪካ ጦር የፓራሹት ቡድን በዋሽንግተን የቤዝቦል ስታዲየም ትርዒት ለማሳየት ሲበር፣ የምክር ቤቱ ፖሊስ ስለ በረራው ስላልተነገረው የካፒቶል ሕንፃ ሠራተኞችን በአስቸኳይ አስወጥቷል። በዝላዩ ማንም አልተጎዳም፤ በአንድ መልእክት አለመድረስ ግን የአገሪቱ ምክር ቤት ለድንጋጤ ተዳርጓል።

መካ፦ ዝግ ሰማይ

ከጂዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው መካ አየር ማረፊያ የላትም፤ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም በላይዋ አያልፉም። በሐጅ ወቅት በሰማይዋ የሚታዩት ሄሊኮፕተሮች የጸጥታና የነፍስ አድን ተልእኮ ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ጉዳይ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ይወራል፤ በካዕባ ላይ ወፍ አይበርም፣ የአውሮፕላን መሣሪያም አይሠራም የሚሉ አሉ። የሐረም ርግቦች ግን በየዕለቱ በሥፍራው ሲበሩ ይታያሉ። ሰማዩን የዘጋው የመንግሥት ውሳኔ ነው፤ ምክንያቱም የሥፍራው ቅድስናና የሕዝቡ ደኅንነት ነው።

የሕዝቡ ብዛት ብቻውን ውሳኔውን ለመረዳት ይበቃል። በ2025 የሐጅ ወቅት 1,673,230 ተጓዦች ሥርዓቱን ፈጽመዋል። ከተማዋ በተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ በመሆኗ ነፋሷ ተለዋዋጭ ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 2015 በብርቱ ነፋስ የወደቀ የግንባታ ክሬን በመስጂደል ሐራም ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉ፣ በዚያ ሥፍራ ከላይ የሚወድቅ ነገር ምን ሊያስከትል እንደሚችል በመሪር ሁኔታ አሳይቷል።

ከዚህም ሌላ ማረፍ መግባት ነው። ወደ መካ የተከበረ ክልል መግባት ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፣ በሐጅ ወቅት ሙስሊም ነዋሪዎችም ፈቃድ ይጠየቃሉ። በ2025 ከኤፕሪል 23 ጀምሮ ወደ ከተማዋ ለመግባት በቅዱሳን ሥፍራዎች የሥራ ፈቃድ፣ በመካ የተሰጠ የመኖሪያ መታወቂያ ወይም የሐጅ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ ሰው እስከ 20,000 ሪያል እንደሚቀጣ፣ ሰርጎ የገባ የውጭ ነዋሪም ወደ አገሩ ተመልሶ ለ10 ዓመት ዳግም እንዳይገባ እንደሚታገድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አስታውቋል። በፓራሹት የሚመጣ ሰው የመንገድ ላይ ኬላን ቢያልፍም ከመግቢያ ሕጉ አያመልጥም።

የመካ ሰማይ ለሁሉም ነገር የተዘጋ ግን አይደለም። በሰኔ ወር 2024 አብራሪ አልባ የአየር ታክሲ በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ በቅዱሳን ሥፍራዎች የሙከራ በረራ አድርጓል። ይህም ዝጉን ሰማይ የሚከፍተው የባለሥልጣኑ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ያሳያል።

ጉዳት ሲደርስ

ከአቪዬሽን ቅጣት ሌላ የካሳ ጉዳይ አለ። ከዲሴምበር 16 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ በ120ኛው አንቀጹ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። የሕጉ መደምደሚያ ካካተታቸው 41 የፊቅህ መርሆዎች መካከልም ጉዳትን የሚከለክለው ጥንታዊ መርሕ ይገኛል። ሐሳቡ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 ተመሳሳይ ግዴታ ጥሏል። እንግዲህ የተሰበረ ጣሪያ ወይም የተጎዳ ሕፃን ሲኖር ዘላዩ ነፋስ ገፋኝ ቢል፣ በነፋስ ሊገፋ እንደሚችል እያወቀ ያለ ፈቃድ ለምን በሰፈር አጠገብ እንደዘለለ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

በጂዳም ሆነ በመካ አካባቢ የሚኖር ሰው በእንዲህ ያለ ዝላይ እንዲሳተፍ ሲጋበዝ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል። አዘጋጁ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተሰጠው ፈቃድ አለውን? ፈቃዱ የሚዘለልበትን ቀን፣ ሰዓትና ማረፊያ ይጠቅሳልን? በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የመድን ዋስትና ተገብቷልን? ዝላዩን በድሮን ለመቅረጽ ያሰበ ሰውም ድሮን የራሱ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ማወቅ አለበት፤ የዘላዩ ፈቃድ ለቀራጩ አያገለግልም።

ዘላዩ አደጋውን አውቆና ፈቅዶ ይዘላል። በሰገነቱ ላይ ልብስ የምታሰጣ እናት፣ በመንገድ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ፣ በሐረም ግቢ ለጸሎት የቆመ ተጓዥ ግን ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም። በእነርሱ ምትክ አስቀድሞ የሚጠይቀውና የሚወስነው ሕጉ ነው።