ሰው እየኖረበት የሚፈርስ ሰፈር፦ አዲስ አበባ ከ1967 እስከ ኮሪደር ልማት

የአሜሪካዋን ዲትሮይት በመሰሉ ከተሞች ቤት የሚበላሸው ሰው ጥሎት ሲሄድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቤተሰብ ታጭቆ እየኖረበት ይፈርሳል።

መነሻው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች ለቀበሌ፣ ሌሎቹ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ለድሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ከየቤቱ ጥቂት ብር የሚሰበስብ ቀበሌ በምን አቅሙ ጣሪያ ይቀይራል? ተከራዩም ቤቱ የራሱ አይደለም፣ ለማደስ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ሲያፈስበት ላስቲክ አልብሶ ድንጋይ ይጭንበታል። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ በየጊዜው ካልተለሰነ ዕድሜ የለውም።

ጥገና ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ሬድ ባርና የተባለው የኖርዌይ ድርጅት በተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ በያኔው ቀበሌ 41፣ ነዋሪውን ከሰፈሩ ሳያስነሳ ቤቱንና ኑሮውን ለማሻሻል ሠርቷል። ከተማው ግን ይህን መንገድ በስፋት ሳይከተለው ቀረ።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ምርጫው ማፍረስ ሆነ። በአርከበ ዕቁባይ ከንቲባነት የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለልማት ተነሺው መጠለያ ሰጥቷል፤ ልደታ ላይ ሕንፃዎቹ በፈረሰው ሰፈር ላይ ቆመዋል። ብዙ ተነሺ ግን ወደ ከተማዋ ዳር ወጣ፤ ዕድሩና ጉልቱ አብረውት አልተጓዙም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ፈርሶ ያልተገነባው ነው። መሀል ከተማ ነዋሪው ተነሥቶ ለዓመታት በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ያላየ አዲስ አበቤ የለም። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ በጊዜው ላልገነባ ቦታው እንደሚነጠቅ ቢደነግግም፣ አስተዳደሩ ታጥረው የከረሙ ቦታዎችን በብዛት የነጠቀው በ2011 ነው። በ2013 ይፋ የሆነው የከተማው ጥናት ደግሞ 1,338 ሄክታር መሬት በሕገወጥ መንገድ መያዙን፣ ባለቤታቸው ያልታወቀ ሕንፃዎችም መኖራቸውን ገለጸ። መሬት በካሬ ሜትር በሚነገድባት ከተማ ባለቤት የሌለው ፎቅ!

በ2016 መንገዶችን አስፍቶ የሚያድሰው የኮሪደር ልማት መጣ። ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ በቀጣዩ ዓመት ካዛንቺስ ፈረሱ። የዚህኛው ልዩነት ፍጥነቱ ነው፤ በወራት ውስጥ መንገዱ ሰፍቶ የእግረኛ ንጣፉና መብራቱ ይታያል። ተነሺው ዕቃውን ለመሸከፍ ያገኘው ጊዜም እንደዚያው አጭር ነበር፤ ከካዛንቺስ ብዙዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። ኮሪደሩ ያልደረሰባቸው የቀበሌ ቤቶች ግን ዛሬም በድሮው ሁኔታቸው ናቸው፤ ኪራያቸው ጥገናቸውን አይችልም፣ ተከራዩም መቼ እንደሚነሣ ስለማያውቅ ለአንድ ቆርቆሮ እንኳ ገንዘብ ለማውጣት እጁ አይታዘዝለትም።