ደንበኛ በዌብሳይትዎ ላይ ሲጽፍ ተጠያቂው ማን ነው?

በአሜሪካ ከሚገኙት የወገኖቻችን ሱቆችና የታክሲ ድርጅቶች ብዙዎቹ የራሳቸው ዌብሳይት አላቸው። ደንበኛ በዚያው መልእክት ይልካል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ ፎቶግራፍ ይለጥፋል። ዌብሳይቱን የሠራው ባለሙያ ሥራውን አስረክቦ ይሄዳል፤ ጣጣው የሚመጣው ግን በባለንብረቱ ላይ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ማወቅ ይበጃል (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

1. ጽሑፍ፦ በ1996 በወጣው ሕግ አንቀጽ 230 መሠረት፣ ደንበኛ በገጽዎ ላይ የሰው ስም ቢያጠፋ ባለገጹ በአብዛኛው አይጠየቅም። እርስዎ ራስዎ ለጻፉት ግን ይጠየቃሉ።

2. ፎቶግራፍ፦ የቅጂ መብት ከዚህ ከለላ ውጭ ነው። በ1998 የወጣው ሌላ ሕግ ከለላ የሚሰጠው አቤቱታ ተቀባይ ሰይሞ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ላስመዘገበና ስሙንም በገጹ ላይ ላወጣ ነው። ክፍያው 6 ዶላር ሲሆን ምዝገባው በየ3 ዓመቱ ይታደሳል። አቤቱታ ሲደርስ ፎቶግራፉን ቶሎ ማንሳት፣ ደጋግሞ የሚያጠፋውንም ማገድ ያስፈልጋል።

3. የደንበኞች አስተያየት፦ ስድብን መሰረዝ ይቻላል። ነገር ግን ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ የሐሰት ምስጋና መግዛትን ይከለክላል። ወቀሳውን እየደበቁ የቀረውን የደንበኛ ሁሉ አስተያየት አስመስሎ ማቅረብም፣ ዘመድ ወይም ሠራተኛ ማንነቱን ሳይገልጽ እንዲያመሰግን ማድረግም ያስጠይቃል። እያወቀ ላጠፋ ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

4. የስልክ መልእክት፦ ደንበኛ ታክሲ ለመጥራት ስልኩን ቢሰጥ ማስታወቂያ ይላክልኝ ማለቱ አይደለም። ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በ1991 የወጣው ሕግ ያለፈቃድ ለተላከ ለእያንዳንዱ መልእክት 500 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነም እስከ 1,500 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። «ስቶፕ» ብሎ ለመለሰ ደንበኛ ቢዘገይ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መላክ ማቆም ግዴታ ነው።

እንግዲህ ገጹን በየቀኑ የሚያነብ አንድ ሰው ይመድቡ። የዌብሳይቱ የይለፍ ቃል በባለሙያው እጅ ብቻ እንዳይቀር በእጅዎ ያድርጉ። ደንበኛ በመልእክት የክሬዲት ካርድ ቁጥር ከላከም ወዲያው ይሰርዙ። የክስ ደብዳቤ ከደረሰዎት ግን መልስ ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዛሬዋ 6 ዶላር የነገውን ብዙ ሺህ ታድናለች።